ጊንጥና የቤት ባለቤት ኃላፊነት

ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ጊንጥ ወደ ቤት የሚገባበትን ምክንያት ማወቅ፣ መከላከያውን በአቅማችን መሥራት፣ ሰው ሲነደፍም ተገቢውን እርዳታ መስጠት።



ከጥቂት ዓመታት በፊት በቴፒ አካባቢ፣ በቡና ለቀማ ወራት፣ ከደጋ ለሥራ የመጡ ሰዎች ማደሪያ አጡ። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ዕቃ ቤት ነበረውና “ግቡ” አልናቸው። እንግዳ በመቀበላችን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ዕቃ ቤቱን ሳንጠርግ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሳንመርግ፣ በጥጉ የተከመረውን ማገዶ ሳናወጣ ነበር ያስገባናቸው። እነርሱም መሬት ላይ ጆንያ አንጥፈው ተኙ።

በሦስተኛው ሌሊት ዕድሜዋ አምስት ዓመት የሚሆን የአንዲት ለቃሚ ልጅ እጇን ጊንጥ ነደፋት። ጩኸቱን ሰምቼ ሮጬ ደረስሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጊንጥ የተጠቀሰባቸውን ምዕራፎች ተምሬ ነበር፤ ለተነደፈ ልጅ ምን እንደሚደረግ ግን አላውቅም ነበር። ክንዷን በጨርቅ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁ። አንድ ሽማግሌ ምላጭ ይዘው መጡ፤ እኔም አልከለከልኋቸውም። እናቲቱ ግን “ልጄን አትቁረጡብኝ” ብላ አቅፋ ያዘቻት። እንዲህ ሆነን እስኪነጋ ጠበቅን።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የልጅቱ እጅ አብጦ ጠቁሮ ነበር። ታስመልሳለች፤ ያልባታል። የጤና ባለሙያዋ ከሁሉ አስቀድማ ጨርቁን ፈታች። ከዚያም ቀና ብላ “ያሰረው ማን ነው?” አለች። “እኔ ነኝ” አልኋት።

ልጅቱ በእግዚአብሔር ቸርነትና በባለሙያዋ እርዳታ ዳነች። ይህን ትምህርት የምጽፈው ግን እኔ ያጠፋሁትን ሌላው እንዳያጠፋ ነው።

1. ጊንጥ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ጊንጥ የሸረሪት ወገን ነው። ስምንት እግር፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ በጅራቱ ጫፍም የመርዝ መውጊያ አለው። በዓለም ላይ ከ2,500 የሚበልጡ ዓይነቶች ይታወቃሉ። ቀን ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ በረሮን፣ ሸረሪትንና ሌሎች ትንንሽ ነፍሳትን ያድናል። እናቲቱ እንቁላል አትጥልም፤ ግልገሎቿን ወልዳ፣ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪለውጡ ድረስ በጀርባዋ ታዝላቸዋለች።

በጠቅላላው፣ መቆንጠጫው ወፍራም የሆነ ጊንጥ መርዙ ይቀላል፤ መቆንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም የሆነው ግን ይከፋል። ስለዚህ ትንሽ ነው ብለን አንዘናጋ። በጨለማ የነደፈውን ጊንጥ ለይቶ ማወቅም ያስቸግራል፤ በዚህ ምልክት ብቻ ተማምኖ ልጅን ቤት ማስቀረት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ግምት እንዳሳየው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በጊንጥ ይነደፋሉ፤ ከ3,000 በላይ የሚሆኑትም ይሞታሉ። ከተነደፉት ብዙዎቹ ሥቃይ እንጂ ሞት አያገኛቸውም። ለሕፃናት ግን አደጋው ይበረታል፤ ሰውነታቸው ትንሽ ነውና።

2. ወደ ቤታችን የሚገባው ለምንድን ነው?

ጊንጥ ሰውን ፈልጎ አይመጣም፤ የሚፈልገው መሸሸጊያና ምግብ ነው። ከሚዛን ተፈሪ እስከ በበቃ፣ ከሸኮ እስከ ቴፒ ያለው አገራችን ሞቃትና እርጥብ ነው። ዝናብ ሲበረታ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላበታል፤ መሬት ሲመነጠር ድንጋዩና ግንዱ ይነሣበታል። ያን ጊዜ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ፣ የማገዶ ክምር፣ የቡና ጆንያ፣ በአጥር ሥር የተጣለ ገለባ ይመቸዋል። በረሮ በበዛበት ቤት ደግሞ ምግቡም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

3. የቤቱ ባለቤት ሥራ

በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ከጣራ የሚወድቀው ልጅ ወይም እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ተጠያቂው ግን የቤቱ ባለቤት ነው። በእኛ አገር ጣራ ላይ አንውልም። ይሁን እንጂ ያልተመረገ ስንጥቅ ለእኛ መከታ እንደሌለው ጣራ ነው። ስለዚህ፦

ሀ. የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ እንምረግ። በበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ ወይም በጣውላ እንዝጋ።

ለ. ማገዶን፣ ድንጋይንና ጡብን ከቤት አርቀን፣ ከመሬት ከፍ አድርገን እንከምር። ሐዋርያው ጳውሎስ በመላጥያ ደሴት ጭራሮ ሲሰበስብ እፉኝት እንደወጣበት እናስታውስ (ሐዋ. 28፥3)። ማገዶ ስናነሣ በጨለማ እጃችንን አንስደድ።

ሐ. መሬት ላይ አንተኛ። አልጋውን ከግድግዳ ፈቀቅ እናድርግ፤ ብርድ ልብሱ መሬት አይንካ። ጊንጥ በለስላሳ ነገር ላይ መውጣት ስለሚያቅተው፣ የአልጋውን እግሮች በንጹሕ ጣሳ ውስጥ ማቆም ይረዳል። አጎበርን ከፍራሹ ሥር መጠቅጠቅ ከወባም ከጊንጥም ይጠብቃል።

መ. ጫማ፣ ልብስና የቡና ቅርጫት ከመጠቀማችን በፊት እናራግፍ። ሌሊት ስንወጣ ጫማ እናድርግ፤ ባትሪም እንያዝ።

ሠ. ለቡና ወይም ለእህል ተባይ የተዘጋጀ መርዝ ቤት ውስጥ አንርጭ፤ ከጊንጡ ይልቅ ልጆቻችንን ይጎዳል። ዶሮዎች ግቢውን ሲጭሩ ጊንጥንም በረሮንም ይለቅማሉ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። የብር ኖት ለመመርመር የሚያገለግለው ዓይነት ሐምራዊ መብራት ሲበራበት ጊንጥ በጨለማ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እንዲህ ያለ መብራት የሚያገኝ ሰው መጋዘንን በሌሊት ሊፈትሽበት ይችላል።

4. ሰው ሲነደፍ

የሚደረገው፦ የተነደፈውን እናረጋጋ። ቀለበትና አምባር ካለ ቶሎ እናውልቅ። ቁስሉን በውኃና በሳሙና እናጥብ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እናድርግበት። ለሥቃዩ በዕድሜው ልክ ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል።

የማይደረገው፦ አንሰር፤ በምላጭ አንብጣ፤ በአፍ አንምጠጥ፤ ላምባ ወይም የባትሪ አሲድ አናፍስስበት፤ አረቄም አናጠጣ። ለእባብ የተሠራ ፀረ መርዝ ለጊንጥ አያገለግልም።

የተነደፈው ሕፃን ከሆነ ምልክት ሳንጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። አዋቂም ቢሆን ካስመለሰው፣ ብዙ ካላበው፣ ለሐጩ ከተዝረበረበ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ዓይኑ ከተንከራተተ ወይም ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ አንዘግይ።

ፈጥኖ መድረስ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሕንድ አገር ታይቷል። ዶክተር ሂማትራኦ ባዋስካር በምዕራብ ሕንድ ማሃድ በሚባል የገጠር አካባቢ ሲሠሩ፣ ጊንጥ የነደፋቸው ብዙ ሕመምተኞች ልባቸው እየደከመና ሳንባቸው ውኃ እየቋጠረ ይሞቱባቸው ነበር። እርሳቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለደም ግፊት የሚሰጠውን ፕራዞሲን የተባለ መድኃኒት ሞከሩ። ከዚያ በኋላ የሟቾች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ይህን መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ብቻ ነው፤ ሐኪሙም የሚረዳው በጊዜ የደረሰለትን ሰው ነው። እኛ እስኪነጋ የጠበቅነው ሰዓት ከዚህ ላይ የተቆረጠ ነበር።

5. ጸሎትና ሕክምና

አንዳንዶች ሉቃስ 10፥19ን ጠቅሰው፣ የሚያምን ሰው ጊንጥ ቢነድፈው ሐኪም አያሻውም ይላሉ። ጌታ ያን ቃል የተናገረው ለአገልግሎት ልኳቸው ለተመለሱት ደቀ መዛሙርት ነው፤ የተነደፈ ልጅ ከሐኪም እንዲቀር አላዘዘም። እንጸልይ፤ ነገር ግን ልጁን ተሸክመን በመንገድ ላይ እንጸልይ። ንድፊያው እርግማን ነው ብለንም ቤተሰቡን አናሳዝን።

በሚቀጥለው ዓመት ለቃሚዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ምእመናኑ ተሰብስበው ዕቃ ቤቱን ጠረጉ፤ ግድግዳውንም መረጉ። ወጣቶች የእንጨት አልጋ ሠሩ፤ ማገዶውም ወደ ውጭ ወጣ። ያቺ እናትም ልጇን ይዛ ተመልሳ መጣች። ከመግባቷ በፊት ባትሪዬን ተቀብላ ጥጋጥጉን ሁሉ አየች። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

ለመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችንና በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ጊንጥ ሊሸሸግባቸው የሚችሉ ሦስት ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?
2. በአካባቢያችን ለተነደፈ ሰው ከሚደረጉት ነገሮች የትኞቹ ይረዳሉ? የትኞቹስ ይጎዳሉ?
3. ሌሊት ልጅ ቢነደፍ በማን መጓጓዣ፣ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንወስዳለን? ዛሬውኑ እንወስን።
4. በእኛ ዘንድ መሬት ላይ የሚተኛው ማን ነው? ምን ልናደርግለት እንችላለን?