ሥዕል በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ

ዘመናዊ ሥዕልንና የቢሮ አስተዳደርን አንድ ላይ ማንሣት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሥዕል ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ በማን ፊት ይቁም ብሎ መወሰን የአስተዳደር ሥራ ነው።

የተሻለ ምሳሌ የምናገኘው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚሁ ተመሠረተ። የአፈወርቅ ተክሌ የቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የቆመውም ከሊቀ መንበሩ ጀርባ አይደለም፤ ገቢና ወጪው ሁሉ በሚያልፍበት መግቢያ ላይ ነው። ሦስቱ ክፍሎች የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያሉ። በተስፋው ክፍል የተባበሩት መንግሥታት የጦር ልብስ ለብሶ እንደ ቆመ ዘበኛ ተሥሏል፤ ችቦውን የያዘው ግን ቤተ ሰቡ ነው። ባለ ሥልጣንና ባለ ጉዳይ እንዴት መቆም እንዳለባቸው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የመተዳደሪያ ደንብ አላነበብሁም።

ሥራው መስኮት ስለ ሆነ ከሕንፃው ተለይቶ አይታይም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚገዛው ሥዕል ግን እንደ ወንበር በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ኃላፊው ክፍል ይሄዳል። የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት መስተዋቱም አብሮ ታድሶ ነበር።

ይህ የዋና ከተማ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ መተማ ዮሐንስን ያስብ። በዚያ ጠረፍ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ደጃፍ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ዓይነት ነው፤ የሰሊጥ ነጋዴ፣ ለአጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ቤተ ሰብ። አማርኛ፣ ጉምዝኛና ዓረብኛ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ በር ሲያልፉ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ ለስንቱ ይረዳል? መጀመሪያ የት እንደሚቆም፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያቀርብ፣ ማኅተሙ የት እንደሚመታ በጥቂት መስመርና በደማቅ ቀለም ቢሣል ሰልፉ ይቃለላል። «ይህማ ማስታወቂያ እንጂ ሥዕል አይደለም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳስ ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ የተሣለ ትምህርት አይደለምን?

ከባዱ ጥያቄ ምን ይሣል የሚለው ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት በመተማ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ሐሳብ የጦርነቱ ሥዕል እንደሚሆን እገምታለሁ። ታሪኩ ይዘንጋ አልልም፤ በአደባባይ ቢቆም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከጦርነት ሸሽታ ልጇን ታቅፋ ተራ የምትጠብቅ ሱዳናዊት እናት ፊት ለፊት የሰይፍና የደም ሥዕል መስቀል አይገባም። ጥላ፣ የውኃ እንስራ፣ የሰሊጥ ነዶ፣ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ድልድይ ለሁሉም የሚገባ ነገር ይናገራሉ።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት ትምህርት ቤት የሚወጡ ሠዓልያን ይህን ለመሥራት አያንሱም። ብቻ ሠዓሊው ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ከሰልፈኛው ጋር ይቁም፤ ዋጋውም ግድግዳው ሳይለሰን በሕንፃው ውል ውስጥ ይግባ።