ያላዩትን አባት ስለ መፈለግ

ወንጌላዊው ማቴዎስ መጽሐፉን የጀመረው በትውልድ ቍጥር ነው። በዚያም ቍጥር ውስጥ ንጉሥ ዳዊት ሰሎሞንን እንደ ወለደ ሲናገር የእናቲቱን ስም ትቶ የኦርዮ ሚስት እንደ ነበረች ጻፈ (ማቴ. 1፥6)። የንጉሡን ክብር ብቻ ለመናገር ቢፈልግ ኖሮ የተገደለውን ሰው ስም በዳዊት ዘር መካከል ባላኖረውም ነበር። የዚህን ቃል ትርጓሜ ከመምህራን እግር ሥር ሆነን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ግን የተረዳነው የቅድመ አያታችንን ታሪክ ለማወቅ በተነሣን ጊዜ ነው።

በአገራችን ሰው የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ይቈጥራል። ይኸውም ባንድ በኩል ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ በሌላም በኩል የዘር ሐረግ የርስት ማስረጃ ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን ስም መቍጠር ሌላ፣ ሰውየውን ማወቅ ሌላ ነው። እኛም የቅድመ አያታችንን ስም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቅ ነበር፤ ስለ እርሳቸው በቤታችን የሚነገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለደብሩ ተአምረ ማርያም አጽፈው ሰጡ የሚል።

የአባታችን ታላቅ እኅት በሕይወት ሳሉ «ከክፉ ቀን በኋላ፣ ከዐድዋ በፊት፣ በዘመነ ሉቃስ ዐረፉ» ይሉን ነበር። አንባብያን ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ቃል የሽማግሌ ወሬ ነው ብላችሁ አትናቁት። ክፉ ቀን የሚባለው ከብቱ ካለቀ በኋላ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወረደው ረኃብ ነው፤ የዐድዋም ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል 3 የሚተርፈው ዘመነ ሉቃስ ነው። 1883 ዘመነ ሉቃስ ቢሆንም በረኃቡ መካከል ይውላል፤ እንግዲህ የሚቀረው 1887 ነው፤ 7387 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋልና። ፊደል ያልቈጠሩ ሴት በሦስት ቃል ዓመቱን ጠብቀው አስረከቡን።

ወደ ደብሩ ሄደን በዓለም ስማቸው ብንጠይቅ የሚያውቃቸው አልተገኘም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልጅዋን በጸሎተ ፍትሐትም ሆነ በተዝካር የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ የዘመዱን የክርስትና ስም ያልያዘ ፈላጊ በመዝገብ ፊት ቆሞ መዝገቡን አያየውም። ይህንንም ስም ያገኘነው ከእኒሁ አክስታችን ነበር፤ ስሙን ስንናገር ቄሰ ገበዙ ወዲያው ከዕቃ ቤት መጽሐፉን አወጡልን።

ተአምረ ማርያም ለዚህ ፍለጋ ከሌሎች መጻሕፍት ይልቅ ይጠቅማል። በየተአምሩ መጀመሪያ የእመቤታችን ጸሎትና በረከት ከመጽሐፉ ባለቤት ጋር እንዲሆን የሚለምን ቃል አለና፣ የባለቤቱ ስም ደጋግሞ ይጻፋል። (መጽሐፉ ከስፍራው የጠፋበት ሰውም ተስፋ አይቍረጥ፤ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ከ8,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂአቸውም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በሂል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።) የቅድመ አያታችን ስም በእውነት በየገጹ አለ። ደስታችን ግን ብዙ አልቈየም። ስሙ ባለበት ስፍራ ሁሉ ብራናው ሳስቶአል፤ ቀለሙም ከጐረቤቱ ቃል ይልቅ ጠቍሮአል። ሁለት ስፍራ ላይ ደግሞ «ምስለ ገብራ» ማለት ሲገባ «ምስለ አመታ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የወንድ ስም ይከተላል። የግዕዝ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው አመት ሴት አገልጋይ ናት፤ ወንድ አመት አይባልም። ወደ መጨረሻው ስንደርስ በጧፍ ሰም የተጣበቁ ሁለት ቅጠሎች አገኘን። ቄሰ ገበዙ በጥንቃቄ ሲያላቅቋቸው በወለተ የሚጀምር የሴት ስም ሳይፋቅ እንደ ተጻፈ ተገኘ።

መጽሐፉን ያጻፈችው እርስዋ ናት። ቅድመ አያታችን ስሟን አስፍቀው የራሳቸውን አስጽፈውበታል። አክስታችን ደግሞ ሲያመሰግኗቸው «በክፉ ቀን ጐተራቸው አልጐደለም» ይሉ እንደ ነበር ያን ጊዜ ትዝ አለን። እህል ሰጥተው መጽሐፉን ከጥፋት አድነውት ይሆናል፤ የተራበችን ሴት ችግር አይተው በጥቂት ቍና ወስደውትም ይሆናል። ምስክር የሌለበትን በደል በሙት ላይ መፍረድ አይገባንም፤ ብራናው የሚመሰክረውን መሰወርም እንዲሁ አይገባንም። በመጽሐፉ መጨረሻ እንደ ልማዱ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል አለ፤ እርሱን አላስፋቁትም። ወይ አላነበቡትም፣ ወይ አንብበው ፈሩ።

ይህን ለቤተ ሰባችን በነገርን ጊዜ አንድ ታላቅ ዘመዳችን «አባታችን፣ የቅድመ አያትዎን አጥንት ምነው ቢተዉት» አሉን። ቅሬታቸው ይገባናል፤ የቤቱ መመኪያ ይህ መጽሐፍ ነበርና። ነገር ግን ለቅድመ አያታችን የሚያስፈልጋቸው ጸሎት እንጂ መመኪያ አይደለም። እውነተኛውን ሰው ካላወቅነው ስለ ማን እንደምንጸልይ እንኳ አናውቅም። ከዚህም ሌላ በዚያ ብራና ላይ ለዘላለም እንድትታሰብ የለመነች አንዲት ነፍስ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ልመናዋ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ኖሮአል፤ የእርስዋን ድርሻ ይዘን መቅረት አልቻልንም።

ስለዚህ ለሙታን በሚጸለይበት ጊዜ እንዲጠሩ ሁለቱን የክርስትና ስሞች ባንድ ወረቀት ጽፈን ለደብሩ ሰጠን፤ የእርስዋን ስም አስቀደምን። ስሙን የተቀበሉት ካህን «እርስዎስ ምን ይሆኗታል?» ብለው ጠየቁን፤ የመጽሐፉ ባለቤት ናት አልናቸው። ዘርዋ በዚያ አገር ቀርቶ እንደ ሆነ አሁንም ሽማግሌዎችን እየጠየቅን ነው።