እናትን ይዞ ኢየሩሳሌምን ስለ መሳለም

እናቱን ወይም አባቱን ይዞ ከጉዞ ማኅበር ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ በአንድ አውሮፕላን ተሳፍረው፣ በአንድ አውቶቡስ ተቀምጠው፣ በአንድ ሆቴል ቢያድሩም፣ እሱ ጎብኚ እናቱ ግን ተሳላሚ መሆናቸውን ነው። ጎብኚ አይቶ ያልፋል፤ ተሳላሚ ግን ደጃፉን ሳይስም፣ ስግደቱን ሳያደርስ፣ በቤት የቀሩትንና በሞት የተለዩትን ሁሉ በየስማቸው እየጠራ ሳይለምን ከቆመበት አይነቃነቅም። አስጎብኚው በበኩሉ ሰዓቱን ያያል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዱን ማዘግየት፣ ሌላዋን ማባበል የልጅ ድርሻ ነውና፣ እናቴን ይዤ በሄድሁ ጊዜ የተማርሁትን፣ አንዳንዱንም በራሴ ስሕተት ያወቅሁትን፣ በተራ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ማኅበሩን መምረጥ ነው። የጉዞው መርሐ ግብር የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላችሁ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት በየቀኑ ስንት ቦታ እንደ ተመደበ ቁጠሩ፤ ቤተ ልሔምን፣ ደብረ ዘይትን፣ ጌቴሴማኒንና ጎልጎታን በአንድ ቀን የሚያጭቅ ማኅበር ለወጣቶች እንጂ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት የተሰናዳ አይደለም። ለእኔ እንደሚመስለኝ በቀን ሁለት ቢበዛ ሦስት ቦታ ይበቃል። ሆቴሉ አሳንሰር እንዳለውም ጠይቁ። ትንሣኤን በኢየሩሳሌም ማክበር የሁሉ ምኞት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በቀዳም ሥዑር ብርሃኑ በሚወጣበት ሰዓት በጌታ መቃብር ዙሪያ ያለው ግፊያ ለጎልማሳም የሚከብድ ስለ ሆነ፣ እናታችሁ በፋሲካ ካልሆነ አልሄድም ያሉ እንደ ሆነ፣ ቀኑን በሆቴል አሳርፋችሁ ማታ የእኛ ካህናት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ባለው በዴር ሡልጣን ገዳም በጥላና በከበሮ ወደሚያደርጉት ዑደት ብትወስዷቸው ይሻላል።

ሁለተኛው የወረቀትና የመድኃኒት ጉዳይ ነው። ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ የመግቢያው ማረጋገጫ በፓስፖርቱ ላይ በማኅተም ሳይሆን በትንሽ ወረቀት ይሰጣልና፣ ያችን ወረቀት እስክትመለሱ ድረስ ከፓስፖርቱ ጋር አኑሯት። የደም ግፊት ወይም የስኳር ኪኒን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ የሐኪም ወረቀትም ይጨመርበት። ወራቱ ጾም ከሆነና መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ፣ ነገሩን ከመነሣታችሁ በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨርሱ፤ በባዕድ አገር በቁርስ ገበታ ፊት ከእናት ጋር ስለ ጾም መከራከር ለማንም አልበጀም። የሆቴሎቹ ቁርስ በአይብና በእርጎ የተሞላ ቢሆንም፣ የሽምብራው ሑሙስ፣ ወይራውና ሰላጣው ለጿሚ ይሆናል።

ሦስተኛው ጫማ ነው፤ እዚህ ላይ እኔ ተሳስቻለሁ። እናቴን ለማክበር ብዬ አዲስ ጫማ ገዛሁላቸው፤ በሁለተኛው ቀን ተረከዛቸው ተላጠ። የአሮጌው ከተማ ንጣፍ ድንጋይ በዘመናት እግር ተፍቆ እንደ መስተዋት የሚያንሸራትት ስለ ሆነ፣ ቢያንስ አንድ ወር የተለመደና ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንደርስ ሕዝቡ ሁሉ በጫማው ሲገባ እናቴ ግን ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። «እማዬ፣ እዚህ አይወለቅም» ብላቸው፣ «ለእነሱ አይወለቅ ይሆናላ ልጄ» ብለው ጫማውን አስታቀፉኝ፤ እኔም ጌታ ከተገነዘበት ድንጋይ ጀምሮ ጠዋቱን ሙሉ ጥንድ ጫማ በብብቴ ይዤ ተከተልኋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ደረጃው እንምጣ፤ መካናት ቅዱሳቱ ወይ ወደ ላይ ያስወጣሉ፣ ወይ ወደ ታች ያስወርዳሉና። በጌቴሴማኒ ወደ እመቤታችን መቃብር የሚያወርደው ደረጃ ከ40 ይበልጣል፤ ሰፊ ስለ ሆነ መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ግን ሁለት ጊዜ ማረፍን ይጠይቃል። ወደ ጎልጎታ የሚያስወጣው አጭር ሆኖ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ እናት ከፊት ልጅ ከኋላ ሆኖ መውጣት ይገባል። ከዴር ሡልጣን በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎቶች በኩል ወደ ታችኛው አደባባይ የሚያወርደው ደረጃ ደግሞ ጨለም ያለ ስለ ሆነ የእጅ ባትሪ አይለያችሁ። በቤተ ልሔም የልደቱ ቤተ ክርስቲያን በር ቁመቱ 1.2 ሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ ወገባቸውን የሚያማቸውን ሰው አስቀድሞ አስጠንቅቆ፣ እጅን ከራሳቸው በላይ አድርጎ ማሳለፍ ነው።

በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጌታ መቃብር ፊት ያለው ሰልፍ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በላይ ያስቆማል። መቀመጫ ይጨመር ይሆናል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ፤ በዚያ ቤት የየማኅበረ ክርስቲያኑ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1852 በወጣው የኦቶማን ትእዛዝ ባለበት እንዲጸና ስለ ተደረገ፣ ከደጃፉ በላይ በመስኮት ሥር የቆመች አንዲት የእንጨት መሰላል እንኳ ያለ ሁሉ ስምምነት ከቦታዋ አትነሣም። ስለዚህ ታጣፊ በርጩማ ከቤታችሁ ያዙ፤ አለዚያም አስተባባሪውን አስፈቅዳችሁ ማኅበሩ ከመነሣቱ በፊት ገና ሲነጋ ሂዱ።

ማኅበሩ መንገደኛውን የሚቆጥርበትን ልማድም አትመኑ። የእኛ አስተባባሪ አውቶቡሱን በዓይኑ ገርመም አድርጎ «ሞልቷል» ይል ነበር፤ አንድ ቀን «ሞልቷል» ባለ ጊዜ እናቴ ገና ከእመቤታችን መቃብር ደረጃ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሆቴሉን ስምና የእኔን ስልክ የጻፍሁበትን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጠርሁላቸው።

ወደ ሙት ባሕርና ወደ ዮርዳኖስ የሚኬድበት ቀን ቀላል ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ያህል ስትሆን፣ ሙት ባሕር ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ጆሮ ይደፈናል፤ ከረሜላ ማኘክ ይረዳል። እናት በሙት ባሕር እግራቸውን ብቻ ይንከሩ፤ ውሃው ዓይንና ቁስል ክፉኛ ያቃጥላል። ለዮርዳኖስ ግን ቅያሪ ልብስና ፎጣ ያዙ፤ ቆመው የሚመለከቱ ይመስላችኋል፣ አይመለከቱም፣ ይገባሉ።

በመጨረሻ የመመለሻው ዕለት። የዮርዳኖስን ውሃ በሚላክ ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አትያዙ፤ ፈሳሽ ሊወሰድባችሁ ይችላል። ጠባቂዎቹ ሻንጣውን ማን እንዳሰናዳው፣ አድርሱልኝ ብሎ ዕቃ የሰጠ ሰው እንዳለ አጥብቀው ይጠይቃሉና፣ ከባዕድ እጅ ምንም አለመቀበልን አስቀድማችሁ ለእናታችሁ አስረዱ። እኔ ይህን ሳልነግራቸው ቀርቼ፣ ወጣቷ ጠያቂ «የሰው ዕቃ ይዘዋል?» ብላ በአስተርጓሚ ስትጠይቃቸው እናቴ ያለ ማመንታት «አዎን» አሉ። ሻንጣው ተከፈተ፤ በፌስታል የተጠቀለለ የጎረቤታችን ነጠላ ወጣ። «መምጣት አቅቷት ዮርዳኖስ ንከሪልኝ ብላኝ ነው» አሉ። ልጅቱ ነጠላውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ገና አልደረቀም ነበር፤ መልሳ ጠቅልላ በቦታው አስቀመጠችው።