የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት በምን ይመረጣል?

በቋንቋችን «ባለሙያ ናት» ሲባል፥ ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልግ፥ ወጥ መሥራት ታውቃለች ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሙያ የሚለውን ትልቅ ቃል ለማጀት የሰጠ ሕዝብ፥ ልጁ «ምግብ ዝግጅት ልማር ነው» ሲለው አንገቱን መድፋቱ የሚያስገርም ነው። ስለ እፍረቱ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። ዛሬ የምንመለከተው፥ ከመካከላችን ይህን ሙያ የመረጡ ወንድሞችና እኅቶች ገንዘባቸውንና ዕድሜያቸውን ለየትኛው ትምህርት ቤት አደራ መስጠት እንደሚገባቸው ነው። ለክፍያው ሲባል በቤተ ሰብ የተሸጠ በሬ ተመልሶ አይመጣምና፥ ጉዳዩ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

1ኛ፤ ምን ለመሆን እንደምንፈልግ እንለይ። የምግብ አብሳይነት፥ የዳቦና የኬክ ሥራ፥ የሆቴል አስተዳደር፥ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ በአንድነት ይጠራሉ፤ ሆኖም የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። በ1893 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስዊዘርላንዱ የሎዛን ትምህርት ቤት የታወቀው የሆቴል መሪዎችን በማሠልጠን ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተቋቋመው ለ ኮርዶን ብሉ ደግሞ ስሙ የተጠራው በምግብና በጣፋጭ ሥራ ነው። ምድጃ የሚወድ ሰው የሒሳብ መዝገብ ወደሚበዛበት ቢገባ፥ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ አይሆንም።

2ኛ፤ ተማሪው በገዛ እጁ የሚሠራበትን ሰዓት እንቍጠር። ሙያ በልብ ነው ቢባልም፥ የወጥ ቤት ሙያ በእጅ ካልተለመደ በልብ አይቀመጥም። በፓሪሱ ትምህርት ቤት መምህሩ አንዱን ምግብ ሠርቶ ያሳያል፤ ከዚያም ተማሪው ያንኑ ምግብ ራሱ ይሠራዋል። በ1946 እ.ኤ.አ. ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች ተብሎ የተጀመረው ኪዩሊነሪ ኢንስቲትዩት ኦፍ አሜሪካም፥ ተማሪዎቹን ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ምግብ ቤቶቹ ውስጥ እያሠራ ያስተምራል። እንግዲህ አንድ ክፍል 24 ተማሪዎችና 6 ምድጃዎች ቢኖሩት፥ ትምህርቱም 3 ሰዓት ቢሆን፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 45 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ የሌላውን ጀርባ ሲያይ ይውላል። እንዲሁም ሥጋው፥ ሽንኩርቱና ቅቤው በክፍያው ውስጥ መታሰቡን፥ ወይም ከተማሪው ኪስ የሚወጣ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

3ኛ፤ ንጽሕናን እንመልከት። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በብዙ ምግቦች ላይ ቶሎ ይራባሉ። የምግቡን ሙቀት የሚለካበት ቴርሞሜትር የሌለው፥ ጥሬ ሥጋንና ሰላጣን በአንድ መክተፊያ የሚያስከትፍ ትምህርት ቤት፥ የሚያስተምረው ሰውን ማሳመም ነው።

4ኛ፤ በስም አንታለል። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይባላል። በሳን ፍራንሲስኮ የነበረው የካሊፎርኒያ ኪዩሊነሪ አካዳሚ የቀድሞ ተማሪዎች፥ ትምህርት ቤቱ ስለ ሥራ ማግኘት የሰጠን ተስፋ ከእውነቱ የተጋነነ ነበር ሲሉ ከሰሱ። ክሱም በ2011 እ.ኤ.አ. በ40 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። የዚሁ ትምህርት ቤት ባለቤት የነበረው ኩባንያ፥ በአሜሪካ በለ ኮርዶን ብሉ ስም ያካሂዳቸው የነበሩትን 16 ትምህርት ቤቶች እንደሚዘጋ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አስታወቀ። የፓሪሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው፥ በር ላይ የተጻፈው ስም የፓሪስ ሆኖ ሳለ፥ ከበሩ በስተ ኋላ ያለው ሒሳብ የሌላ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ክፍያውን በአንድ ወገን፥ ጀማሪ አብሳይ በእርግጥ የሚያገኘውን ደመወዝ በሌላው ወገን ጽፎ ማስተያየት ግዴታ ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድም አለ። በጀርመን አገር የአብሳይነት ሥልጠና በመደበኛው 3 ዓመት ሲሆን፥ ሠልጣኙ በአሠሪ ወጥ ቤት ውስጥ እየሠራ፥ አበል እየተቀበለ፥ ጎን ለጎን የሙያ ትምህርት ቤት ይከታተላል። ይህ ዘዴ ተማሪውን ከዕዳ ያድነዋል፤ የሥራውንም ድካም ከመጀመሪያው ቀን ያሳየዋል።

በአገራችን በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባው የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛ ለብዙ ዘመን ባለሙያ ሲያወጣ ቆይቷል። ዛሬ ግን የግል ማሠልጠኛዎችም በየሰፈሩ ስለሚገኙ፥ ለምዝገባ የሚሄድ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ይያዝ። የመጀመሪያው፥ ሥልጠናው ለሙያ ብቃት ምዘና ያደርሳልን? የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ የአገራችንን ምግብ በሚዛንና በሰዓት ለክቶ ያስተምራልን? የሚለው ነው። ዶሮን በ12 ብልት ማውጣት ከየትኛውም አገር የቢላዋ ሥራ የማያንስ ጥበብ ነው። የፈረንሳይን ስልስ ብቻ አስተምሮ ይህን የሚንቅ ትምህርት ቤት ግማሽ ባለሙያ ያወጣል።

በመጨረሻም፥ ትምህርት ቤቱን ለመጐብኘት የምረቃ በዓል ቀን አንምረጥ፤ በሥራ ቀን ሳይታሰብ እንሂድ። ምድጃው ይነድ እንደ ሆነ፥ የተማሪው ሽርጥ ወጥ ነክቶት እንደ ሆነ እንይ። ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቁትን ፈልገን የት እንደሚሠሩ እንጠይቅ። አዳራሹንና ሥዕሉን እያሳየ ወጥ ቤቱን የሚደብቅ ትምህርት ቤት ካጋጠመን፥ ገንዘባችንን እንደ ያዝን እንመለስ።