የእናት አዮዲንና የፅንስ ጆሮ፦ ከአርሲ ደጋ አንጻር

እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው እንደ አንገት እብጠት ነው። የአዮዲን እጥረት ግን ከዓይን በተሰወረ አካል ላይ፣ ገና በማኅፀን ባለው ፅንስ ጆሮ ላይም ጉዳት ያደርሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩ ለዲክሲስና ለመሰል ደጋዎች በዋናነት የጊዜ ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ውስጠኛው ጆሮ መሠራት የሚጀምረው በ4ኛው ሳምንት፣ በፅንሱ ራስ ግራና ቀኝ ከሚወፍር የሕዋስ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ጎድጉዶ ከረጢት ይሆናል፤ ከከረጢቱም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል የሚጠመዘዘው ኮክሊያ ይወጣል። በኮክሊያው ወለል ላይ አቶህ-1 የተባለው ዘረ መል የበረታባቸው ሕዋሳት ፀጉራም ሕዋሳት ይሆናሉ፤ ጎረቤቶቻቸውንም እነርሱን እንዳይመስሉ ስለሚከለክሉ፣ እነዚያ ደጋፊ ሕዋሳት ሆነው ይቀራሉ። በአንድ ጆሮ ከሚገኙት 15,000 ያህል ፀጉራም ሕዋሳት ውስጠኞቹ 3,500 ገደማ ብቻ ናቸው። ሆኖም ድምፅን ወደ አንጎል ከሚያደርሱት የነርቭ ሕዋሳት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገናኙት ከእነዚሁ ጥቂቶች ጋር ነው።

የታይሮይድ ሆርሞን ፀጉራም ሕዋሳትን አይፈጥርም፤ የተፈጠሩትን ለሥራ ያበቃል። ሆርሞኑ በጎደለባቸው አይጦች ከፀጉራም ሕዋሳቱ በላይ የሚዘረጋው ሽፋን ቅርጹን ያጣል፤ የነርቭ መገናኛዎቹም በወቅቱ አይበስሉም። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ሆርሞኑ ቢሰጥ እንኳ መስማት በሙሉ አይመለስም። አይጥ መስማት የምትጀምረው ከተወለደች ከ12 ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ የሰው ፅንስ ግን ከ25ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ለድምፅ ምላሽ ይሰጣል። እንግዲህ በአይጥ ከውልደት በኋላ የሚፈጸመው ብስለት በሰው ዘንድ በአመዛኙ በእርግዝና ወቅት ያልፋል። የፅንሱ ታይሮይድ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በቂ ሆርሞን ስለማያመነጭ፣ እስከዚያ ዋነኛዋ ምንጭ እናት ናት።

ዝናብ ያጠበው የደጋ አፈር አዮዲኑ ይሳሳል፤ በዚያ የሚበቅለው ስንዴና ገብስም እንዲሁ። ስለዚህ ተስፋው በጨው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሣ ድረስ አዮዲን ያለው ጨው ከዚያ ይገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ገበያውን በዋናነት የያዘው የአፍዴራ ጨው ነው። ጨውን በአዮዲን ማበልጸግን የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሆኖም አዮዲን በእርጥበት፣ በፀሐይና በረጅም ማፍላት ይቀንሳል፤ ፋብሪካ ላይ የተለካውና ወጥ ውስጥ የሚገባው መጠን አንድ አይደሉም።

በእኔ እይታ ትልቁ ክፍተት ያለው በልኬቱ ላይ ነው። የአዮዲን ጥናቶች በብዛት የሚያተኩሩት በተማሪ ሕፃናት ላይ ነው፤ የእነርሱ ጆሮ ግን ቀድሞ ተሠርቶ አልቋል። ነፍሰ ጡሮችን በጤና ጣቢያ መለካትም ብቻውን አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አብዛኞቹ እናቶች የመጀመሪያውን ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ አይጀምሩም። በዲክሲስ የሚካሄድ ጥናት ከአዲስ ተጋቢ ሴቶች የሽንት አዮዲን ቢነሣና በኋላ የሚወልዷቸውን ልጆች መስማት በመሣሪያ ቢለካ፣ ወቅቱን ከመነሻው ሊይዘው ይችላል።