ሩቅ ላለ ኮምፒዩተር ሥራ ማዘዝ



በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው አንድ ኮምፒዩተር ሩቅ ያለ ሌላ ኮምፒዩተርን ሥራ የሚያሠራበትን ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛ ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል ይባላል፤ እኛ የርቀት ጥሪ እንለዋለን። ነገሩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚጠቅም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በጎልቦም ሆነ በሌላው የሞያሌ ሰፈር በሞባይል ገንዘብ ልኮ “ደረሰ ወይስ አልደረሰም?” እያለ የተጨነቀ ሁሉ ጉዳዩን ያውቀዋል።

ጠያቂና አገልጋይ

ሥራ የሚያዘው ኮምፒዩተር ክላየንት ወይም ጠያቂ፣ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ሰርቨር ወይም አገልጋይ ይባላል። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቁት አንድሩ ቢረልና ብሩስ ኔልሰን የተባሉ የዜሮክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጽሑፍ ነው።

ፊደል ያልቆጠሩ እናት ሩቅ አገር ላለ ልጃቸው ደብዳቤ ሲያጽፉ እናስብ። እሳቸው ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ፖስታው ይሄዳል። የርቀት ጥሪም እንዲሁ ነው፦

1. ጠያቂው ፕሮግራም “ለዚህ ቁጥር 500 ሽልንግ አስተላልፍ” ብሎ ያዛል። ትእዛዙን የሚቀበለው እንደ ደብዳቤ ጸሐፊው የሚያገለግል ወኪል ፕሮግራም ነው።
2. ወኪሉ የሥራውን ስም፣ የተቀባዩን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን በአንድ መልእክት ይጠቀልላል።
3. መልእክቱ በኔትዎርክ ይጓዛል።
4. በአገልጋዩ በኩል ያለው ወኪል መልእክቱን ፈትቶ ያቀርባል፤ አገልጋዩም ሥራውን ይሠራል።
5. ውጤቱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው እስከዚያ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ሁለቱ ወገኖች ስለ መልእክቱ አጻጻፍና ቅደም ተከተል ያደረጉት ስምምነት ፕሮቶኮል ይባላል።

በሞባይል ገንዘብ ስንልክ የሚሠራበት ፕሮቶኮል የተለየ ሊሆን ቢችልም የጥያቄና መልሱ አካሄድ ተመሳሳይ ነው። ኤም-ፔሳ በኬንያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ አገልጋይ ኮምፒዩተሮቹ እስከ 2015 ድረስ ጀርመን አገር ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሰው ሞያሌ ላይ ቆሞ አጠገቡ ላለ ጎረቤቱ ገንዘብ ሲልክ ጥያቄው አውሮፓ ደርሶ ይመለስ ነበር።

መልስ ሲጠፋስ?

ዋናው ችግር ይህ ነው። መልስ ካልመጣ ከሦስት አንዱ ሆኗል፦ ጥያቄው በመንገድ ጠፍቷል፤ ወይም አገልጋዩ ሥራውን ሳይጨርስ ቆሟል፤ ወይም ሥራው ተሠርቶ መልሱ ብቻ ጠፍቷል። ለጠያቂው ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው።

ታዲያ ደግሞ መጠየቅ ይሻላል? እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ቀሪ ሂሳብን አሥር ጊዜ ብንጠይቅ ጉዳት የለውም። ገንዘብ ላክ የሚለው ትእዛዝ ግን ሁለት ጊዜ ከተፈጸመ የአንድ ቤተሰብ የወር ቀለብ ሊጠፋ ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር መስጠት ነው። አገልጋዩ የሠራውን ሁሉ ከነቁጥሩ ይመዘግባል። ያው ቁጥር ዳግመኛ ከመጣ ሥራውን አይደግምም፤ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይልካል። ነገር ግን እኛ ራሳችን ከመጀመሪያው ጀምረን እንደገና ከላክን አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። አገልጋዩም እንደ አዲስ ይፈጽመዋል።

ስለዚህ ኔትዎርክ ሲቋረጥ፦

ሀ) ቶሎ ብለን አንድገም፤ ጥቂት እንጠብቅ።
ለ) በመጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችንን እንጠይቅ።
ሐ) የማረጋገጫ መልእክቱን ከነመለያው እናስቀምጥ፤ ክርክር ቢነሳ የሚፈለገው እሱ ነው።
መ) እናጣራልህ ለሚል ለማንም ሰው የሚስጥር ቁጥራችንን አንስጥ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. “የልደት ቀኔን በመዝገብህ ላይ ጻፍ” የሚል ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢፈጸም ምን ጉዳት አለው?
2. “ከቀለብ ካርዱ ላይ አንድ ቀን ቀንስ” የሚለውስ? ልዩነታቸውን ለጓደኛችሁ አስረዱ።