ደብረ ሲናን ለሚሳለም መንገደኛ

ጥያቄ፦ ደብረ ሲናን ለመሳለም ተስያለሁ። በየትኛው ወር፣ በምን ዝግጅት ልሂድ?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት ነው ተብሎ የሚታመነው ይህ 2285 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በምድረ በዳ መካከል የቆመ ስለ ሆነ ብዙዎች ሐሩሩን ብቻ ፈርተው በስስ ልብስ ይመጣሉ፤ ነገር ግን በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውኃ እስኪረጋ ድረስ ይበርዳልና ያለ ካፖርትና ያለ ጠንካራ ጫማ መውጣት አደጋ ነው። ጥቅምት ወይም መጋቢት ይሻላል። የአገሩን በደዊ መሪ ይያዙ፤ በግመሉ መንገድ ወጥተው፣ መነኮሳቱ በደረደሩት የድንጋይ ደረጃ በብርሃን ይውረዱ።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ እንዲሰጡት የምለምንዎ ግን ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት በተራራው ግርጌ ያሠራውን የቅድስት ካትሪናን ገዳም ነው፤ ቅዱሳት ሥዕላት በቢዛንታይን መንግሥት ትእዛዝ በጠፉበት ዘመን ከቄሣሩ እጅ ርቆ ስለ ነበረ፣ ሌላ ስፍራ የማይገኙ ጥንታውያን ሥዕላት ተርፈውበታል፤ ዕፀ ጳጦስ ነው የሚባለውም ቁጥቋጦ እስከ ዛሬ ለምልሞ፣ ቅርንጫፎቹን በግንቡ ላይ አፍስሶ ይታያል። ገዳሙ ለጎብኚ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመው ጠይቀው፣ ያውም በማለዳ ይድረሱ።